አያ ሰውአገኝ ያፈረሱት እርቅ

በዳባት ዙሪያ ባለው ደጋ የድንበር ጠብ ሲነሳ፣ ባልና ሚስት ሲኳረፉ ወይም ደም ሲፈስ ሰው መጀመሪያ የሚጠራው አያ ሰውአገኝን ነበር። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። ጠበኞቹ ሲጯጯሁ አንገታቸውን ደፍተው በከዘራቸው መሬቱን እየጫሩ ይቆያሉ። ሁሉም ጮሆ ሲደክመው አንዲት ቃል ይናገራሉ። ለሁለቱም ወገን የምትመች፣ ማንንም የማታዋርድ ቃል። ያቺን ቃል ፈልጎ ማግኘት ከአባታቸው የወረሱት ሙያ ነው ይባልላቸዋል። እሳቸውም በልባቸው ይኮሩበት ነበር።

በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ ጎንደር የወረዱት ለቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ነው። የአጥቢያቸው የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ጣራ ዝጎ ክረምት በመጣ ቁጥር ቅኔ ማኅሌቱ ያፈሳል። መዝሙር የሚባል የዚያው አገር ልጅ “ጣራውን አዲስ ቆርቆሮ እኔ አለብሰዋለሁ” ብሎ ቃል ገብቷል። መዝሙር ገና በጉብዝናው ከተማ ወርዶ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ግንበኛ ሆኖ፣ ኋላ ኮንትራት እየያዘ ቤት የሚያሠራ ሰው ለመሆን በቃ። ያን ጊዜ ከጎንደር ዳር አዘዞ ላይ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ይዞ ነበር። ከሠራተኞቹ የሚበዙት ከደጋው የወረዱ ገበሬዎች ናቸው። በጋውን ከእሱ ጋር ሠርተው ክረምቱ ሲቃረብ ወደ እርሻቸው ይገባሉ።

አያ ሰውአገኝ ከሕንፃው ሥር በመዝሙር ፒካፕ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። መዝሙር ከፎርማኑ ጋር ተነጋግሮ እስኪመለስ ይጠብቁታል፤ ከዚያ አብረው ቆርቆሮ ለመግዛት ወደ ጎንደር አራዳ ገበያ ሊሄዱ ነው። ድንገት የእንጨት መሰበር ሰሙ። አንድ ከባድ ነገር ሲወድቅም ሰሙ። ከፎቅ የተወረወረ የሲሚንቶ ከረጢት መሰላቸው። ጩኸቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ወርደው ሲሮጡ አዳነ የሚባለው የደጋው ልጅ ከአሸዋው ክምር ጠርዝ ላይ ተዘርሯል። አዳነን ያውቁታል። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ዝናሽን ሲያገባ መርቀው የዳሩት እሳቸው ናቸው። ከላይ የባህር ዛፍ መወጣጫው አንድ አግዳሚ ለሁለት ተከፍሎ ተንጠልጥሏል፤ ስብራቱ ውስጡ ጥቁር ነው፣ በስብሶ ኖሯል። አብሮት ቆሞ የነበረው ላቀው፣ የአያ ሰውአገኝ የእኅታቸው ልጅ፣ ከግድግዳው የወጣ ፌሮ ጨብጦ ተርፎ እዚያው ላይ ተጣብቆ ቀርቷል።

አዳነን በበር ሳንቃ አንስተው ፒካፑ ላይ ጫኑት። አያ ሰውአገኝ ከኋላ ወጥተው ራሱን ጭናቸው ላይ አደረጉለት። መዝሙር እንደ እብድ ነዳ። መንገዱ በነጠረ ቁጥር አዳነ ጥርሱን ያንቀጫቅጫል።

“አያ” አለ አንድ ጊዜ ዓይኑን ገልጦ፤ “እግሬ አለ?”

“አለ፣ ልጄ።”

“ምነው አይሰማኝም?”

ነጠላቸውን ገፈው ፊቱን ከፀሐይ ከለሉለት።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሠራተኞቹ አዳነን በቃሬዛ ሲያወርዱ መዝሙር የአያ ሰውአገኝን ክንድ ይዞ ወደ አጥሩ ጥግ ሳባቸው። ከንፈሩ ደርቋል።

“አያ፣ ይስሙኝ። ሥራ ላይ ወደቀ ካልን ሪፖርት ይሆናል። ተቆጣጣሪ ይመጣል፣ ሥራው ይታሸጋል። ይህ ሁሉ ያገራችን ሰው በዚህ በጋ ባዶ እጁን ሊገባ ነው። እኔም የባንክ ብድር አለብኝ። አዳነን አልጥለውም፤ እስኪድን አሳክመዋለሁ። በሚካኤል ይዤዎታለሁ።”

አያ ሰውአገኝ መሬቱን በከዘራቸው ጫር ጫር አደረጉ። ላቀውን አሰቡ፤ በጋውን ሠርቶ ለእናቱ ማዳበሪያ የሚገዛው ከዚህ ነው። የሌሎቹንም ቤት አንድ በአንድ አሰቡ። ቆርቆሮውንም አላሰቡም ማለት አይቻልም።

“ከቤት ላይ ወደቀ እንበል” አሉ በመጨረሻ። “የምትሠራው ቤት አይደለም እንዴ? ውሸት የለበትም።”

መዝሙር ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

አያ ሰውአገኝ ገብተው ቃሏን በአዳነ ጆሮ ነገሩት፤ አዳነም የታዘዘውን አለ። ወጣቱ ሐኪም “የት ነው የወደቅኸው?” ሲለው “ከቤት ላይ” አለ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። ሐኪሙ ግን በዚያ አላቆመም።

“የቤትህን ጣራ ልታድስ ወጥተህ ነው?”

አዳነ ወደ አያ ሰውአገኝ ተመለከተ። ሐኪሙም ዓይኑን ተከትሎ ወደ እሳቸው ዞረ። “አዎ፣ ጣራ ሊያድስ ነው” ብሎ የመለሰው ከኋላ የቆመው መዝሙር ነው። አያ ሰውአገኝ ዝም አሉ። ሐኪሙ ጻፈ። አዳነ በገበሬነቱ፣ በጤና መድን ደብተሩ፣ በገዛ ቤቱ ጣራ ላይ እንደ ወደቀ ሰው ሆኖ ተመዘገበ።

የተሰበረው ጭኑና ዳሌው ነበር። ብረት ገባለት። መዝሙር ቃሉን ጠበቀ፤ ከውጭ የሚገዛውን መድኃኒት ሁሉ ገዛ፣ ዝናሽ ባሏን ስታስታምም የምታድርበት ቤት ፈለገላት፣ ሲወጣም በራሱ መኪና እስከ ደጋው አደረሰው።

ከፋሲካ በኋላ በአዳነ ግቢ እርቅ ተቀመጠ። አያ ሰውአገኝ፣ ጓደኛቸው አያ ማሩና አንድ ቄስ ሽማግሌ ሆኑ። መዝሙር ሙክት፣ ጤፍና ጥቂት ገንዘብ ይዞ መጣ። እንደ አገሩ ደንብ ድንጋይ ተሸክሞ አዳነ በተኛበት መደብ ፊት ተንበረከከ። አዳነ ግራ እንደ ተጋባ ሰው ዙሪያውን አየና “ለእግዚአብሔር ብዬ ትቼዋለሁ” አለ። በወረቀትም ሰፈረ፤ ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ ላይጠያየቁ ተስማሙ፣ ሦስቱ ሽማግሎች ፈረሙ። አያ ሰውአገኝ መረቁ። ዝናሽ በር ላይ ቆማ ስትሰማ ነበር፤ አሜን ማለት አለማለቷን ማንም ልብ አላለም።

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የሚካኤል ጣራ አዲስ ቆርቆሮ ለበሰ።

ሐምሌ ላይ የአዳነ ቁስል መግል ያዘ። ጠበል ተጠመቀ። የጤና ጣቢያው ነርስ መርፌ ወጋችው። አልቆመም። ትኩሳቱ ሲብስ ዝናሽ በሰው ትከሻ አሸክማ፣ መንገዱ በክረምቱ ጭቃ ተዘግቶ ሰንብቶ የተከፈተ ቀን፣ ጎንደር ይዛው ወረደች። ሐኪሞቹ መግሉ አጥንቱ ድረስ ገብቷል አሉ። ብረቱ መውጣት አለበት፣ አጥንቱ መጸዳት አለበት፣ ሲደርቅ ሌላ ብረት ይገባል። ለማጽጃው ኦፕራሲዮን አንዱ በሬ ተሸጠ። ሁለተኛው ኦፕራሲዮን ገና ቀረ። ብረቱን ሆስፒታሉ የለውም፤ ከውጭ ተገዝቶ ይምጣ ተባለ። የጤና መድኑም ይህን አይሸፍንም።

ዝናሽ መዝሙር ዘንድ ሁለት ጊዜ ሄደች። አንድ ጊዜ የሕንፃው ዘበኛ መለሳት። ሁለተኛው ጊዜ በስልክ አገኘችው፤ “እኅቴ፣ እኔም አልቄያለሁ። ደግሞም ተፈራርመናል” አላት።

መስከረም መጀመሪያ ላይ አያ ሰውአገኝ ቤት መጣች። እሳቸው በረንዳው ላይ የአህያ ጭነት ገመድ ይገምዱ ነበር። ተቀመጪ አሏት፤ አልተቀመጠችም።

“አያ” አለች። “እርቁን ይፍቱልን።”

መግመዱን አቆሙ። “ምን አልሽ?”

“አዳነ ደጅ መውጣት አልቻለም። ሆስፒታል ሄጄ ‘ሥራ ላይ ነው የወደቀው’ ብላቸው ካርዱን አውጥተው አነበቡልኝ። ከቤቱ ጣራ ይላል። ‘ያኔ ምነው አልተናገራችሁም?’ አሉኝ። እኔ ያኔ እዚህ ነበርሁ፤ ኩበት ለቀማ ላይ ሆኜ ነው የሰማሁት። አንቱ ግን ነበሩ።”

“መዝሙር ያሳክመዋል ብዬ...”

“አሳከመዋ። እርቅ እስኪሆን አሳከመ።” ድምፅዋ ከፍ አላለም። “አያ፣ እኔ ልወቅስዎት አልመጣሁም። አዳነም አይወቅስዎትም። ‘አያ ያሉት ሁሉ ለሸጋ ነው’ ይላል፣ እየተቃጠለ። እኔን የሚያስለቅሰኝ እሱ ነው።”

እጅ ነሥታ ሄደች። አያ ሰውአገኝ ገመዱን አላነሱም። እስከ ማታ እዚያው ተቀመጡ። ሚስታቸው ወለተሩፋኤል ራት ስታቀርብላቸው “ሽማግሌ ያሰረውን ሽማግሌ ፈትቶ ያውቃል?” ብለው ጠየቋት። ወለተሩፋኤል ብዙ የማትናገር ሴት ናት። “ያሰረው ተሳስቶ ከሆነ ማን ይፈታዋል ታዲያ?” አለች።

በማግስቱ ጎንደር ወረዱ። መዝሙር ፒያሳ ካፌ ውስጥ አገኛቸው። ተነሥቶ ሳማቸው፣ ወንበር ሳበላቸው፣ ማክያቶ አዘዘላቸው። ከስቷል። የሕንፃው ባለቤት ክፍያ እንዳቆመበት፣ የሲሚንቶው ዋጋ እንዳሰመጠው ሳይጠየቅ ነገራቸው። ውሸት አልመሰላቸውም።

“ልጄ” አሉት፤ “ያ የአዳነ ነገር እንደገና ይታይ። ሪፖርት አድርግለት። ሥራ ላይ ነው የወደቀው በል።”

መዝሙር ስኒውን አስቀመጠ።

“አያ፣ ታርቀናል። የተቀበረ ነገር ይቆፈራል?”

“የታረቅነው ውሸት ላይ ነው።”

“ውሸቱን ማን ሰጠኝ?” አለ መዝሙር። አልጮኸም፤ ግን በአጠገባቸው የተቀመጡት ዞረው አዩ። “እኔ ያን ቀን የምለው ጠፍቶኝ ነበር። ‘ከቤት ላይ’ በል ያሉኝ አንቱ ነዎት። ዛሬ ሲፈልጉ ያፈርሱታል?”

አያ ሰውአገኝ ማክያቶውን ሳይቀምሱት ቀዘቀዘ።

“እውነትህን ነው” አሉ። “ቃሉ የእኔ ነው። ስለዚህ እኔው ልመልሰው ነው። አንተ ካልሄድህ እኔ እሄዳለሁ፤ እንድታውቅ ብዬ ነው የመጣሁት።”

“ከሄዱ” አለ መዝሙር፣ ዓይኑ ውሃ ሞልቶ፤ “ዳግመኛ ልጄ አይበሉኝ።”

ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ። ባጃጅ ተሳፍረው የሠራተኛ ጉዳይ የሚታይበት መሥሪያ ቤት ደረሱ። ተራ ይዘው እንኳ ልባቸው ሁለት ሆኖ ነበር፤ አንድ ጊዜ ተነሥተው እስከ በሩ ሄደው ተመልሰዋል።

ያነጋገረቻቸው እስከዳር የምትባል የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ናት። መነጽር ያደረገች፣ ፈጠን ፈጠን የምትል ሴት። ነገሩን ከጣራው ቆርቆሮ ጀምረው እስከ እርቁ ወረቀት ነገሯት። መሀል ላይ መጻፏን አቁማ አየቻቸው።

“አባባ፣ ይህን እየተናገሩ ያሉት በራስዎ ላይ ጭምር መሆኑን ያውቃሉ?”

“አውቃለሁ።”

“እሺ። በሠራተኛ አዋጁ ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ነው። መድኃኒቱም፣ የሚገባለት ብረትም። የተኛበት ጊዜ ደመወዝ አለ፤ አካሉ ከጎደለ ደግሞ ካሳ አለ። ሠራተኛው ‘ትቼዋለሁ’ ብሎ ቢፈርም እንኳ አዋጁ መብቱን አያስቀርበትም።”

“ታዲያ የእኛ እርቅ ምን ነበር?”

እስከዳር እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። “እርቁ ጥሩ ነው” አለች በዝግታ፤ “የተቀያየሙ ሰዎች ይቅር መባባላቸው። ሐኪም ቤት የተነገረው ግን እርቅ አይደለም። ያን ቀን እውነቱ ቢነገር አሠሪው ሪፖርት ማድረግ ይገደድ ነበር፤ እኛም ሄደን መወጣጫውን እናይ ነበር። አሁን ያ እንጨት የለም፣ ካርዱ ሌላ ይላል፣ ጊዜውም እየሄደ ነው። አንድ ዓመት ካለፈ የካሳውን ጥያቄ ይርጋ ይይዘዋል። የዓይን ምስክር አለዎት?”

“የእኅቴ ልጅ አለ።”

ላቀው ግን እምቢ አለ። መሸት ሲል አዘዞ በተከራየው ክፍል አገኙት፤ የሚተኛበትን ፍራሽ ከሦስት ሰው ጋር ይጋራል። “አጎቴ፣ ከመዝሙር ሌላ ማን ያሠራኛል?” አላቸው። “አንቱ ለአዳነ አዘኑ። ለእኔስ ማን ሊያዝን ነው?” አልተቆጡትም። የነገራቸው ያን ቀን በሆስፒታሉ አጥር ሥር እሳቸው ራሳቸው ያሰቡትን ነበር።

ወደ ደጋው ሲመለሱ ወሬው ቀድሟቸው ደርሷል። አያ ማሩ ደጃቸው ድረስ መጣ። ከልጅነት ጀምሮ አብረው የቆረቡ፣ አብረው ስንት ደም ያደረቁ ናቸው።

“እውነት ነው የሚባለው?”

“እውነት ነው።”

“ፊርማዬ አለበት እኮ! የቄሱም አለበት። ነገ ማን በእኛ ቃል ይታረቃል? እርቅ ያፈረሰ ሽማግሌ ዘሩን እንደ በላ ገበሬ ነው፤ ለከርሞ የለውም።”

“ይሁን” አሉ አያ ሰውአገኝ። “አንተ ውሸት መሆኑን አታውቅም ነበር። እኔ ግን አውቅ ነበር።”

አያ ማሩ ደህና ዋል ሳይል ሄደ።

ጉዳዩ በአዳነ ከሳሽነት በታኅሣሥ አራዳ ፍርድ ቤት፣ የሥራ ክርክር ችሎት ቀረበ። አዳነ በሁለት ምርኩዝ፣ ዝናሽ ደግፋው፣ በኋላው በር ገባ። ያን ቀን በችሎቱ ካለው ሰው ሁሉ ይልቅ የከሳ ፊት የእሱ ነበር። መዝሙር ከጠበቃው ጎን ተቀምጧል፤ አንድም ጊዜ ወደ ኋላ አልዞረም።

አያ ሰውአገኝ ማሉና ያዩትን ተናገሩ። የእንጨቱን ድምፅ፣ አሸዋውን፣ የበሩን ሳንቃ። ከዚያ ጠበቃው ተነሣ።

“አባት፣ ሐኪሙ ‘ከቤትህ ጣራ ነው?’ ብሎ ሲጠይቅ እዚያ ነበሩ?”

“ነበርሁ።”

“ምን ተናገሩ?”

“ዝም አልሁ።”

“ስለዚህ ያኔ ዋሽተዋል ወይስ ዛሬ ነው የሚዋሹት?”

“ያኔ።”

ጠበቃው ይህን ያህል አጭር መልስ አልጠበቀም። ወረቀቱን አገላበጠ። “ከተከሳሹ ለቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ ተቀብለዋል?”

“ተቀብያለሁ።”

“ታዲያ ፍርድ ቤቱ ቃልዎን ለምን ይመን?”

አያ ሰውአገኝ ከዘራቸው በር ላይ ተወስዶባቸዋል። እጃቸው የሚይዘው አጥቶ ጋቢያቸውን ጨበጠ።

“አይመነኝ” አሉ። “እኔ ልታመን አልመጣሁም። ያን ቀን ሥራ የሚዘጋባቸውን ልጆች አሰብሁ፤ ጣራውን አሰብሁ፤ መዝሙርንም አሰብሁ። ጭኔ ላይ የተኛውን አላሰብሁም። ራሱን ጭኔ ላይ አድርጎ፣ እሱን አላሰብሁም። ይህን ልናገር ነው የመጣሁ። የወደቀበትን ደግሞ ከኔ የተሻለ ያየ ሰው አለ፤ ቢፈራ አልፈርድበትም።”

ዳኛዋ አመስግና አስቀመጠቻቸው። ላቀው በሚቀጥለው ቀጠሮ በፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ተጠርቶ መጣ። ቆሞ ብዙ ጊዜ ላቡን ጠረገ። ከዚያ አግዳሚው መሰንጠቁን ከሳምንት በፊት ለፎርማኑ ነግረው እንደነበር፣ “ይቺን ፎቅ እንጨርስና ይቀየራል” እንደ ተባሉ ተናገረ። ይህን አያ ሰውአገኝም አያውቁም ነበር። መዝሙር ያን ጊዜ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ፍርዱ የወጣው የአዳነ ውድቀት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው። ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ ነው ተባለ። የሁለተኛው ኦፕራሲዮን፣ የብረቱና የመድኃኒቱ ወጪ በአሠሪው ላይ ወደቀ፤ ደመወዙና ካሳውም እንዲሁ። ዝናሽ ፍርዱ ሲነበብ አላለቀሰችም። “የተሸጠው በሬስ?” ብላ ጠየቀች፤ ለሕክምና የወጣው ሁሉ እንደሚተካ ሲነግሯት ራሷን ነቀነቀች።

ደረጃው ላይ መዝሙር አያ ሰውአገኝን ቆሞ ጠበቃቸው።

“ደስ አለዎት?”

“አላለኝም።”

“እኔ ክፉ ሰው ነኝ?”

አያ ሰውአገኝ ቀና ብለው አዩት። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቁት ፊት ነው።

“አይደለህም። ፈርተህ ነበር። ሽማግሌ የሚያስፈልገው እንዲህ ላለ ቀን ነበር፤ እጅህን ይዤ ሐኪሙ ፊት ላቆምህ ይገባኝ ነበር። ያኔ ብትናገር አንድ ዕዳ ነበረብህ፤ አሁን በላዩ ነውር ተጨመረበት። እሱን ያመጣሁብህ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።”

መዝሙር ደረጃውን ወርዶ ሄደ። ፒካፑን በዚያው ወር ሸጠ። ሌላ የያዘው ሥራ መወጣጫው በብረት እስኪቀየር ታሸገና ከደጋው የወረዱት ገበሬዎች በጊዜ ወደ ቤታቸው ገቡ። ላቀው ወደ መተማ ሥራ ፍለጋ ወረደ። እናቱ፣ የገዛ እኅታቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ስታገኛቸው ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

አዳነ ሁለተኛው ኦፕራሲዮን ተሠራለት። ሁለት ወር ተኝቶ ተነሣ። ቁስሉ ደረቀ። አንድ እግሩ ግን አጠረ፤ ያለ ምርኩዝ ሩቅ አይሄድም፣ ሞፈር መያዝም አይችልም። መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠ። በካሳው ጥንድ ላሞች ገዙ፤ ዝናሽ ቅቤ ወደ ዳባት ገበያ ታወርዳለች።

ከዚያ ወዲህ አያ ሰውአገኝን ለእርቅ የጠራቸው የለም። በሚያዝያ ከቤታቸው ሥር ሁለት ወንድማማቾች በድንበር ተጣሉ። ድምፃቸው እስከ በረንዳው ይሰማ ነበር። ሽማግሎች ከማዶ ቀበሌ መጥተው በደጃቸው አለፉ። አንዳንዶቹ ባርኔጣቸውን አነሡላቸው፤ አንዱም ጎራ አላለም። ወለተሩፋኤል በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው። “ክፈቺው” አሏት፤ “ልስማ።” እስኪታረቁ ድረስ ተቀምጠው ሰሙ። ሽማግሎቹ የሚሉት ትክክል ሲሆን ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ቃል ሲያጡ፣ የጠፋቻቸውን ቃል እሳቸው አገኟት። አልተነሡም።

ኅዳር ላይ የአዳነ ገብስ ደረሰ። እኩል አራሹ ብቻውን አይችለውምና ዝናሽ ደቦ ጠራች። ለአያ ሰውአገኝ ቤት ግን ጥሪ አልመጣም፤ ዕድሜያቸውን አስባ ይሁን ሌላ አይታወቅም። ጠዋት ውርጩ ሳይረግፍ ማጭዳቸውን አንሥተው ወጡ።

አጫጆቹ መስመር ይዘው ጀምረዋል። ሲያዩዋቸው ዘፈኑ ረገበ። ከመዝሙር ጋር ይሠሩ የነበሩት፣ በጋውን ያለ ሥራ ያሳለፉት፣ ብዙዎቹ እዚያ አሉ። አዳነ ከማሳው ራስ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ለነዶ ማሰሪያ ይጎነጉናል። ምርኩዙን ተደግፎ ሊነሣ ሲል በእጃቸው ተቀመጥ አሉት።

መስመሩ ውስጥ ቦታ የለቀቀ የለም። አያ ሰውአገኝ ጥቂት ቆሙ። ከዚያ ብቻቸውን ከዳር ሊጀምሩ ጎንበስ ሲሉ አያ ማሩ ከመሀል ቀና አለ። ላቡን በክንዱ ጠረገ። ፊቱ አልተፈታም።

“እዚያ ዳር ላይ ምን ትሠራለህ?” አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። “እዚያ ሣር ነው። ወዲህ ግባ።”

አጠገቡ ያለውን ሰው በክርኑ ገፋ አድርጎ ቦታ አስለቀቀ። አያ ሰውአገኝ ገቡ። ሁለቱ ሽማግሎች ጎን ለጎን ማጨድ ያዙ። ወደ ምሳ ሰዓት የአያ ሰውአገኝ ወገብ እምቢ ሲል አያ ማሩ የራሱን መስመር ትቶ የእሳቸውን ያጭድላቸው ጀመር፣ ሳይነግራቸው፣ ሳያያቸው። ከታች አንዱ ጎልማሳ ዘፈኑን እንደገና አነሣው። ዝናሽ ጠላ ይዛ ከቤት ወጣች።